አክስት ለሌላት ልጄ አክስት ስላገኙላት

ይድረስ ለክብርት የመዋዕለ ሕፃናታችን ርዕሰ መምህርት፤

ክብርት ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? እርስዎ፣ መምህራኑ፣ ሞግዚቶቹና በር ጠባቂው አባባ ሁላችሁም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይም እንቅልፍዎ የሰላም እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ፤ ከሁለታችን ቢያንስ አንዳችን መተኛት አለብንና። እኔ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ በአፌ ሊወጣ ከመድረሱ በስተቀር እጅግ ደህና ነኝ።

ነገር የተበላሸበትን ቅጽበት አሳምሬ አውቀዋለሁ። በዚያ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከምሠራበት መድኃኒት ቤት ወጥቼ፣ ታናሽ ወንድሟን ከጎረቤቴ ተቀብዬ በጀርባዬ አዝዬ፣ የመውጫው ደወል ገና ሳይደወል ከግቢዎ በር ስደርስ፣ በር ጠባቂው አባባ ከወንበራቸው ሳይነሡ በፈገግታ አይተውኝ «ምነው የኔ ልጅ፣ አንቺ ደግሞ ለምን ደከምሽ? አክስቷ ወስዳታለች እኮ!» ያሉኝ ጊዜ ነው። ፈገግታቸው የደግ ሰው ፈገግታ ነበር፤ ድካም የቀነሱልኝ መስሏቸዋል። እኔም መጀመሪያ በሐሳቤ የመጣው «የትኛዋ አክስቷ?» የሚል ጥያቄ ነበር፤ ከብዙ አክስቶች መካከል አንዷን መምረጥ ያለብኝ ይመስል። እህት እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቴም እህት የለውም። ለሥራ ከከተማ ውጭ ነበርና ደውዬ «አክስቷ ወሰደቻት ይሉኛል» ስለው፣ «እኔ እህት አለኝ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ድንጋጤ እንዲህ ነው፤ ሰውን የገዛ እናቱን ልጆች እንደገና ያስቆጥረዋል።

ልጄን እርስዎ በስሟ ያውቋታል። አባቷ ግን አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ «ቁንጫ» የሚል ስም አውጥቶላታል፤ እኔም በዚህ ደብዳቤ ቁንጫ እያልኩ እጠራታለሁ፤ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ የማላውቀው ሰው ከእንግዲህ እንዲበዛ አልፈልግምና።

ቁንጫን ያገኘኋት ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ ከግቢዎ በስተጀርባ ካለው መንገድ ላይ፣ ከተዘጋ ሱቅ ደረጃ ብቻዋን ተቀምጣ፣ እግሯን እያወዛወዘች ብስኩት ስትበላ ነው። አልተጎዳችም፣ አላለቀሰችም። ጠዋት እኔ በላስቲክ ሁለት ቦታ ያሰርኩት ጸጉሯ ግን ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ድረስ በቀጫጭን ሹሩባ ተሠርቶ ነበር። ማን ሠራሽ ብዬ ብጠይቃት፣ ይህም ይጠየቃል ወይ በሚል አስተያየት ቀና ብላ አይታኝ «አክስቴ!» አለችኝ።

የማውቀው ይኸው ነው። ሴትየዋ ማን እንደሆነች፣ ልጄን የት እንደወሰደቻት፣ ለምን እንደወሰደቻትና ለምን እንደመለሰቻት እስከ ዛሬ አላውቅም። እርስዎም አያውቁም። ልዩነታችን፣ እኔ ባለማወቄ እንቅልፍ ሳጣ፣ እርስዎ ባለማወቅዎ ጉዳዩን መዝጋትዎ ብቻ ነው። ልጄ ወደ ክፍሏ እንድትመለስ ከፈለግሁ «ልጄን በሰላም ተረክቤአለሁ፤ በተቋሙ ላይ ምንም ዓይነት ቅሬታ የለኝም» በሚል ወረቀት ላይ እንድፈርም፣ ካልፈረምኩም ቦታዋ ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ልጅ እንደሚሰጥ በትሕትና ነግረውኛል። በግል የጻፍኩልዎትን ሁለት ደብዳቤዎች ምናልባት ሥራ በዝቶብዎት አላነበቧቸው ይሆናል ብዬ፣ ይህኛውን ወላጅ ሁሉ እንዲያነበውና እንዲያስታውስዎ በአደባባይ ጻፍኩት። ቅሬታ የሚለውን ቃል እንደማይወዱ ስለተረዳሁም ቅሬታ አላቀርብም፤ ምስጋናዬን ብቻ በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፤ ልጄን ጨዋ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። ትልቅ ሰው በስሙ አይጠራም፣ ሴት ሁሉ አክስቴ፣ ወንድ ሁሉ አጎቴ ይባላል የሚለው የክፍላችሁ ሕግ እናንተ ዘንድ ከተማረችው ሁሉ ይበልጥ ሥር ሰድዶባታል። ምግብ አብሳይዋ አክስቴ ናት፤ እርስዎ አክስቴ ነዎት፤ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጯ አክስቴ ናት። በማግስቱ እጇን አጥብቄ ይዤ በዋናው መንገድ ስንሄድ፣ ያለፈችውን ሴት ሁሉ እያሳየሁ ይቺስ ማን ናት እያልኩ ጠየቅኋት፤ አንዷንም ሳትዘል አክስቴ፣ አክስቴ፣ አክስቴ አለችኝ። በመጨረሻ በልብስ መደብሩ መስኮት ውስጥ የሙሽራ ቀሚስ ለብሳ የቆመችውን የፕላስቲክ ሴት አሳየኋት። ቁንጫ ትንሽ አሰበችና «አክስቴ ናት፤ ግን ጭንቅላቷ የት ሄደ?» አለችኝ። ክብርት ሆይ፣ ያቺ ጭንቅላት የሌላት ሴት በዚያ ማክሰኞ ከበርዎ ላይ ቆማ ቢሆን ኖሮ፣ ልጄን ከመረከብ የሚያግዳት አሠራር እንዳላችሁ አጥብቄ እጠራጠራለሁ። በዚያው ሳምንት ዓርብ ደግሞ ቁንጫ ሰው በማክበር ከክፍሏ አንደኛ ስለወጣች፣ የወርቅ ቀለም የተቀባ የወረቀት ኮከብ በጓደኛዋ እናት እጅ ልካችሁልናል። ኮከቡን ተቀብዬ ከመሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፤ ልጄን ከማስረከባችሁ በፊት ስላደረጋችሁት ጥብቅ ምርመራ አመሰግናለሁ። እርስዎ በአንደበትዎ እንደነገሩኝ፣ ሞግዚቷ ዝም ብላ አልሰጠችም፤ ከልጄ ፊት በርከክ ብላ «ሚጣዬ፣ ይቺ ማን ናት?» ብላ ጠይቃታለች። ልጄም አክስቴ ብላ መልሳለች። ሞግዚቷም የልጄን አፍንጫ ጠራርጋ፣ የሹራቧን ቁልፎች ቆልፋ፣ ሁለቱንም ስማ ሸኝታለች። እናንተ ራሳችሁ ያስተማራችኋትን መልስ እናንተው ጠይቃችሁ፣ እናንተው ሰምታችሁ፣ እናንተው አመናችሁ። እንዲህ ያለ ፈተና የሚወድቅ ተማሪ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

እኔ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። ከምውልበት መስኮት ፊት ለፊት ስንት ሽማግሌ «ልጄ»፣ ስንት ወይዘሮ «እህቴዋ» እያሉኝ ይውላሉ። እኔም አባባ፣ እማማ፣ ወንድሜ እያልኩ እመልሳለሁ፤ አፋችን እንዲህ ሆኖ ነው የተፈጠረው፤ እሱንም እወደዋለሁ። ይሁንና አንድ ቀን እንኳ ልጄ ስላሉኝ አባቴ ናቸው ብዬ፣ የሐኪም ማዘዣ ሳላይ የእንቅልፍ ክኒን አንሥቼ አልሰጠሁም። ባደርገው ፈቃዴን ይነጥቁኛል፤ መንጠቅም አለባቸው። እንግዲህ ከመደርደሪያዬ ላይ አንዲት ፍሬ ክኒን እንድትወጣ የሐኪም ፊርማና ማኅተም ሲያስፈልግ፣ ከእርስዎ ግቢ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ እንድትወጣ የልጅቷ የራሷ ምስክርነት ይበቃል ማለት ነው። ለሕፃናት ቃል የዚህን ያህል ክብር የሚሰጥ ተቋም አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛ፤ ሴትየዋን ለማግኘት እንዲረዳኝ ስለሰጣችሁኝ ዝርዝር መግለጫ አመሰግናለሁ። አባባን ምን ዓይነት ሴት ናት ብዬ ብጠይቃቸው «ደርባባ፣ ጨዋ፣ ቅንነት ከፊቷ የሚነበብ» አሉኝ። ምን ለብሳ ነበር ስላቸው «ንጹሕ ልብስ» አሉኝ። በስንት ዓመት ትገመታለች ስላቸው ደግሞ ትንሽ አሰላስለው «ያው በአክስት ዕድሜ» አሉኝ። አባባ ልባቸው ክፉ አይደለም፤ ሴትየዋ አንገቷን ሰበር አድርጋ «አባባ፣ እንደምን ዋሉ» ስላለቻቸው ብቻ የዘመድ ያህል አምነዋት ነው። በነገራችን ላይ እኔም በየቀኑ እንደዚያው ነው የምላቸው፤ ስለዚህ እርሷንና እኔን በምን እንደሚለዩን እስካሁን ሊነግሩኝ አልቻሉም።

አራተኛ፤ ለፖሊስ ስለሰጡት ቃል። ይህን ምስጋና በአጭሩ እጽፈዋለሁ፤ ካረዘምኩት ትሕትናዬ እንዳያልቅ እፈራለሁ። ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሄድኩት እኔ ነኝ። መርማሪው ወደ እርስዎ ሲደውል፣ ጉዳዩ በዘመዳሞች መካከል የተፈጠረ አለመግባባት እንደሆነ፣ ልጅቷም ሴትየዋን በዝምድና ስም እንደጠራቻት አረጋግጠውለታል። መርማሪውም ስልኩን ዘግቶ «እህት ዓለም፣ የቤተሰብ ነገር በቤተሰብ ነው የሚያልቀው፤ ከአክስቷ ጋር ታረቂ» ብሎ መከረኝ። ከማላውቃት ሴት ጋር እንድታረቅ! በየት በኩል ሄጄ፣ የማንን በር አንኳኩቼ ልታረቃት? ያቺን «ቅሬታ የለኝም» የምትለዋን ወረቀት ብፈርም ደግሞ፣ ሴትየዋን የሚፈልግ አንድም ሰው በዚህ ከተማ ውስጥ እንደማይኖር የገባኝ ያኔ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል ሰምቼ እስቅ ነበር፤ የእርስዎ ግቢ ውሻ ግን ጅቡ ከሄደም በኋላ አልጮኸም፤ ጭራሽ የጎረቤት ውሾች እንዳይጮኹ ለመነልን።

አምስተኛውን ምስጋና ለመጻፍ ብዕሬን ደጋግሜ አንሥቼ ደጋግሜ አስቀምጫለሁ።

በማግስቱ ቢሮዎ ስመጣ፣ እኔን ለማጽናናት ብለው የልጄን ጭንቅላት ዳበስ አድርገው «ደግሞስ እንዴት አድርጋ አሳምራ ሠርታታለች! ክፉ የምታስብ ሴት እንዲህ አትጨነቅም» አሉኝ። ስለ አድናቆትዎ አመሰግናለሁ። እውነት ነው፤ ሥራው ንጹሕ ነበር። መስመሩ የተሠመረ ይመስል ቀጥ ያለ፣ ጫፉ በክር የተቋጠረ፣ የለመደ እጅ ሥራ ነበር። ቁንጫ ለእኔ ለእናቷ ማበጠሪያ ስታይ ጠረጴዛ ሥር የምትገባ ልጅ ናት፤ ለዚያች ሴት ግን ያን ሁሉ ሹሩባ አንገቷን ሰጥታ ተሠርታላታለች። አንዲት ስሟን የማላውቅ ሴት ልጄን በጉልበቶቿ መካከል አስቀምጣ፣ ጸጉሯን እየከፋፈለች፣ አንገቷን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዘነበለች ረጅም ጊዜ ቆይታለች። ልጄም በዚያ ሁሉ ጊዜ አላለቀሰችም። እኔን ያስፈራኝ አለማልቀሷ ነው፤ ብታለቅስ ኖሮ ምን እንደተደረገች ባወቅኩ ነበር።

ከቢሮዎ ወደ ቤት እንደተመለስኩ ወዲያው ቁንጫን ከመስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ ሹሩባውን መፍታት ጀመርኩ። ሕፃኑ አልጋው ላይ ያለቅሳል፣ እኔ ደግሞ አልፈታ ያለኝን ቋጠሮ በጥርሴ እነክሳለሁ። ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ አክስቴ የሠራችልኝን አበላሸሽብኝ ትላለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። የመጨረሻው ሹሩባ ሲፈታ ግን ቁንጫ ከወንበሩ ዘልላ ወርዳ እያጨበጨበች መዝለል ጀመረች። ምን አስደሰተሽ ብላት «ተፈታ! ተፈታ! አክስቴ ሲፈታ መጥቼ ድጋሚ እሠራሻለሁ ብላኛለች!» አለችኝ።

ክብርት ሆይ፣ ያን ጊዜ ተነሥቼ በሩን ቆለፍኩ። ቀድሞም ቆልፌው ነበር፤ ከፍቼ እንደገና ቆለፍኩት። መስኮቱን ዘጋሁ፤ መጋረጃውንም ሳብኩ። ቁንጫ በሞቀው ቀን ለምን እንደምዘጋ ስትጠይቀኝ ነፋስ ነው አልኳት፤ እሷም ውጭ ያሉት ዛፎች ቅጠላቸው እንኳ እንደማይነቃነቅ በጣቷ አሳየችኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ ይህን ሁሉ የምጽፍልዎት ሴት ያለችው በዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ለሥራ ስወጣም ክፍሉን ተሸክሜው ነው የምወጣው።

ስድስተኛና ሰባተኛም ነበሩኝ፤ ግን ሁለቱንም ስለሰጡኝ ምክር ስለሆኑ አንድ ላይ ላመስግንዎ። እንዲህ ባለ ሁኔታ ልጅ እንዴት ይሰጣል ብዬ ስጠይቅዎ «እናት ቀድማ ብትመጣ፣ አክስት ባልቀደመቻት ነበር» ብለውኛል። የመጣሁት ከደወሉ በፊት እንደነበር ሳስታውስዎት ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞሽ፣ ልጅ እኮ የሁላችንም ነው» ብለው አጽናኑኝ። ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ፤ እኔ እስከዚያ ጊዜ ድረስ የእኔና የባለቤቴ ብቻ ትመስለኝ ነበር። የሁላችን ከሆነች፣ ስትታመም ማን ተራ እንደሚገባ፣ ጥርሷ ሲነቃነቅ ማን እንደሚያባብላት፣ ይህንንም ፍርሃት ለሁላችን እኩል እንዴት እንደምናከፋፍለው ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። እኔ ድርሻዬን ከበቂ በላይ ወስጃለሁ።

አሁን ቁንጫ የምትውለው ከእኔ ጋር ነው። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ደግ ሰው ስለሆኑ፣ ከመስኮቴ ሥር በባዶ ካርቶኖች መካከል ምንጣፍ አንጥፌ እንዳስቀምጣት ፈቅደውልኛል፤ እርሳቸውም ቢሆኑ እስከ መቼ እንደሚችሉ አልነገሩኝም፤ እኔም ለመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም። ቁንጫ ደግሞ ቁንጫ ናት፤ ደንበኛ በገባ ቁጥር ከካርቶኑ መሐል ብቅ ትላለች። ሴቶቹ «ውይ፣ ስታምር! ነይ ልሳምሽ» ይሏታል፤ እሷም አክስቴ እያለች ጉንጯን ትሰጣለች። እኔ ያን ጊዜ የማዘዣ ወረቀታቸውን አላየውም፤ የማየው እጃቸውን ነው። ጣታቸው ረጅም ነው ወይ፣ ጥፍራቸው አጭር ነው ወይ፣ ጸጉር መሥራት የለመደ እጅ ይመስላል ወይ እያልኩ እመረምራለሁ። ለራስ ምታት መድኃኒት የመጣች ምስኪን ሴት በአስተያየቴ ደንግጣ፣ መልሷን ሳትቀበል የወጣችበት ቀን አለ።

ከሁሉ የከፋኝ የጎረቤቴ ነገር ነው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ሁለቱንም ልጆቼን ከተወለዱ ጀምሮ አቅፋልኛለች፤ ሕፃኑንም ሥራ ስውል የምትይዝልኝ እሷ ነበረች። እትዬ እላታለሁ፤ ልጄም አክስቴ ትላታለች፤ በዓለም ላይ ይህን ስም የሚገባት ሰው ቢኖር እሷ ናት። ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ሕፃኑን ልሰጣት እጄን ዘርግቼ፣ እጄ አልለቅ አለኝ። ገባት። «እኔንም ጠረጠርሽኝ?» አለችኝ። ሕፃኑን ወደ ደረቴ መለስኩት። እሷም በግድ ሳቀችና «ኧረ የኔ እናት፣ እኔ የሰው ልጅ ምን ያደርግልኛል? የራሴን ሦስቱን የሚወስድልኝ ባገኝ በሠርግ ነበር የምሸኛቸው» አለችኝ። አብረን ሳቅን። ዘወር ስትል ግን በመለኪያ ሜትሯ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። አያችሁ እንግዲህ፤ ለማላውቃት ሴት አክስትነትን በነጻ አድላችሁ፣ እውነተኛዋን አክስት ግን ቀማችኋት።

ልጄን ዳግም ለማስተማር ሞክሬአለሁ። እናንተ ያስተማራችሁትን ማስረሳት ቀላል አይደለም፤ ልጅ ደግ ነገር ሲይዝ ቶሎ አይለቅም። አክስት ማለት የእናት ወይም የአባት እህት ናት አልኳት። ቁንጫም «አንቺ እህት አለሽ?» አለችኝ፤ የለኝም አልኳት። «አባዬስ?» አለችኝ፤ የለውም አልኳት። ጣቶቿን አጣጥፋ ዘርግታ ስታሰላ ቆየችና «ታዲያ ያቺ አክስቴ የማን እህት ናት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ክብርት ርዕሰ መምህርት ሆይ፣ በሥራ በቆየሁባቸው ዓመታትም ሆነ በትምህርት ባሳለፍኳቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅም። ጠያቂዋ የእርስዎ ተማሪ ናትና፣ መልሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ። ያቺ ሴት የማን እህት ናት? የት ነው የምትኖረው? ልጄን ለምን መረጠቻት? ወይስ አልመረጠቻትም፣ ከበሩ አጠገብ ያገኘቻት የመጀመሪያዋ ልጅ ሆናባት ነው? የሆነው የኋለኛው ከሆነ፣ ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ወላጅ ሁሉ ጥያቄው የራሱ መሆኑን እንዲረዳልኝ እለምናለሁ። የእኔ ልጅ ተመልሳለች። እኔ የምፈራው፣ መመለሷን እንደ ልማድ ቆጥራችሁ ቀጣይዋም ትመለሳለች ብላችሁ እንዳትጠብቁ ነው።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የማልቀበለውን ላሳውቅዎት። አንድ ልጅ በጨዋነት የተናገረው ቃል እንደ መታወቂያ ሲቆጠር ከእንግዲህ አልቀበልም። በስምና በፎቶግራፍ ካስመዘገብናቸው ሰዎች በስተቀር፣ ቢያሻው መልአክ ይሁን፣ ልጄን ከእናንተ እጅ ሲረከብ አልቀበልም። ያልተወለደችን ዘመድ ወልዳችሁ ለፖሊስ ስትመሰክሩልኝ አልቀበልም፤ ቃልዎን ራስዎ ሄደው እስኪያነሡ ድረስ መርማሪው ደጅ ላይ ዕለት ዕለት ያገኙኛል፤ የመጣሁበትንም ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ በጨዋ አንደበት እነግራለሁ። የልጄን የመቀመጫ ቦታ በፊርማዬ እንድገዛ ስትጠይቁኝ አልቀበልም፤ ቦታው የእሷ ነው። ደግሞም «አይዞሽ» ስትሉኝ አልቀበልም። መፍራት መብቴ ነው። እስካሁን ልጄን የጠበቀልኝ ፍርሃቴ ብቻ ነው።

ለተቋሙ ዕድገትን፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለግቢው ልጆች ሁሉ ወደየቤታቸው በሰላም መግባትን እየተመኘሁ፣ ትሕትናዬ ገና ሳያልቅ እዚህ ላይ እሰናበታለሁ።

የእርስዎ አክባሪ፣ የማንም አክስት ያልሆነችው፣ የሁለት ልጆች እናት

ማሳሰቢያ (በአደባባዩ ቅጂ ላይ በኋላ የታከለ)፦ ይህን ደብዳቤ በእጄ ለቢሮዎ ሳስገባ ጸሐፊዎ መታወቂያ ጠየቀችኝ። አሳየኋት። ፊቴን ከፎቶግራፉ ጋር አስተያየችው፤ ከዚያም ስሜን ጽፋ፣ አስፈርማኝ፣ ማኅተም አድርጋ ተቀበለችኝ። ስወጣም «ኃላፊዋ ሳይፈርሙበት ከዚህ ክፍል ወረቀት አይወጣም፤ እርግጠኛ ሁኚ» ብላ አጽናናችኝ። እጅግ ኮራሁባት፤ ልጄን ወረቀት አድርጌ ባለመውለዴ ግን አዘንኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ አባቶች። እንግዲያው ክብርት ሆይ፣ ወረቀቱን እርስዎ ይያዙት፤ ሞኟ እኔ ልሁን።